የኦንላይን ሻጮች የትዕዛዝ ማስተናገጃ አገልግሎቶች፦ ንጽጽርና የአመራረጥ መረጃ

ትዕዛዝ ማስተናገድ ማለት ገዢው በኦንላይን ያዘዘው ዕቃ ከተቀመጠበት ወጥቶ በእጁ እስኪገባ፣ ገዢው ካልተቀበለውም ተመልሶ መደርደሪያው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ ነው። ዕቃ ተረክቦ ማከማቸትን፣ በትዕዛዙ መሠረት መልቀምን፣ ማሸግን፣ አድራሻ መለጠፍን፣ ማጓጓዝን፣ ገንዘብ መሰብሰብንና ተመላሽ መቀበልን ያጠቃልላል። ሻጩ ይህን ሥራ በሙሉ ራሱ ሊያከናውን፣ በከፊል ለሌላ ሊሰጥ ወይም ሙሉ በሙሉ ለአገልግሎት ሰጪ ድርጅት ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው በመገበያያ መድረኮች፣ በቴሌግራምና በሌሎች የማኅበራዊ ትስስር ገጾች የሚሸጡ አነስተኛ ነጋዴዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት አማራጮቹን አነጻጽረው እንዲወስኑ ለማገዝ ነው።

ከንጽጽሩ በፊት አንድ መሠረታዊ ነጥብ መታወቅ አለበት። ሥራው ለሌላ ድርጅት ቢተላለፍም በገዢው ፊት ባለዕዳ ሆኖ የሚቆየው ሻጩ ነው። ገዢው የተዋዋለው ከሻጩ ጋር እንጂ ዕቃውን በሞተር ብስክሌት ካመጣው ሠራተኛ ጋር አይደለም። በመሆኑም ዕቃው ቢጠፋ፣ ቢሰበር ወይም የተሳሳተ ዕቃ ቢደርስ ሻጩ አስቀድሞ ለገዢው መልስ ይሰጣል፤ ከዚያም በውሉ መሠረት አድራሹን ይጠይቃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በዚህ ዘርፍ ለሚሠራ ነጋዴ በቅድሚያ ሊነበቡ የሚገባቸው ሕጎች ናቸው።

በአገር ውስጥ ያሉ አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ ሻጩ ዕቃውን በቤቱ ወይም በሱቁ አስቀምጦ ራሱ እያሸገ የሚያደርስበት ነው። ዕቃው ከዓይኑ ስለማይርቅ ስህተት ወዲያው ይታረማል፤ ገዢው ለሚያቀርበው ጥያቄም ዕቃውን አንስቶ አይቶ መመለስ ይቻላል። በእጅ የሚሠሩና እያንዳንዳቸው የተለያዩ ዕቃዎችን፣ ለምሳሌ የሽመና ልብስ፣ የቆዳ ሥራ ወይም በልክ የሚሰፋ የሐበሻ ቀሚስ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም ማለት ይቻላል፤ የመጋዘን ሠራተኛ የአንዱን ጥበብ ከሌላው ለይቶ እንዲልክ መጠበቅ ከባድ ነውና።

ሁለተኛው አማራጭ ማከማቸቱንና ማሸጉን ሻጩ ይዞ ማድረሱን ብቻ ለአድራሽ ድርጅት መስጠት ነው። በአዲስ አበባ በስፋት የሚሠራበት ይኸው ነው። በዚህ አማራጭ ዋጋውን የሚወስነው ርቀቱ ብቻ አይደለም። በከተማዋ አብዛኛው ቤት በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር የማይገኝ በመሆኑ አድራሹ ገዢውን በስልክ እየጠየቀ፣ ከሚታወቅ ሕንፃ ወይም ከቤተ ክርስቲያን እየተነሣ ነው የሚያገኘው። ስልኩ የማይነሣ ገዢ ማለት የባከነ ጉዞ ማለት ነው። ስለሆነም ድርጅቶችን ሲያነጻጽሩ ገዢው በመጀመሪያው ጉዞ ካልተገኘ ለሁለተኛው ጉዞ ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ከመነሻው ዋጋ ያላነሰ ጠቀሜታ አለው። ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአዲስ አበባ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ገደብ የተጣለበትና በፈቃድ የሚመራ በመሆኑ የድርጅቱ ሞተረኞች የሚሠሩበትን ፈቃድ ማየትም ተገቢ ነው። ፈቃድ የሌለው ሞተር ሲያዝ የሻጩም ዕቃ አብሮ ይቆማል።

ሦስተኛው አማራጭ ዕቃውን በጅምላ ለማከማቻና ማድረሻ ድርጅት አስረክቦ ከዚያ በኋላ ትዕዛዙን ብቻ ማስተላለፍ ነው። ድርጅቱ ያከማቻል፣ ይለቅማል፣ ያሽጋል፣ ያደርሳል። ተመሳሳይ የሆኑና በብዛት የሚመጡ ዕቃዎችን፣ ለምሳሌ የስልክ መለዋወጫ፣ የመዋቢያ ምርት ወይም የቤት ውስጥ ፕላስቲክ ዕቃ ለሚሸጥ ይስማማል። ዋናው ጉድለቱ ሻጩ በመጋዘኑ ውስጥ ያለውን ክምችት የሚያውቀው ድርጅቱ በሚሰጠው መረጃ ብቻ መሆኑ ነው። በወር አንድ ጊዜ በአካል ተገኝቶ መቁጠር በውሉ ያልተፈቀደለት ሻጭ ጉድለቱን የሚያውቀው ገዢ ተቆጥቶ ሲደውል ነው።

ወደ ክልል ከተሞች ለመላክ የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት ቅርንጫፎችና የግል አድራሾች ያገለግላሉ። ከዚህ ሌላ ነጋዴው የለመደው መንገድ አለ፤ ዕቃውን ከመነኸሪያ በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ልኮ የሰሌዳ ቁጥሩንና የረዳቱን ስልክ ለገዢው ማስተላለፍ። ፈጣንና ርካሽ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ደረሰኝ ሳይቆረጥ የተላከ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቅበት ማስረጃ የለም። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጥ ሻጭ ከማኅበሩ ወይም ከአክሲዮን ማኅበሩ የዕቃ ማስረከቢያ ቢሮ የዕቃው ዓይነትና ግምት የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበል አለበት፤ ደረሰኝ የማይሰጥ ከሆነ ሻጩ ቢጠፋ ሊሸከመው የሚችለውን ዕቃ ብቻ ቢልክ ይመረጣል።

ወጪን ማነጻጸር

አገልግሎት ሰጪዎች ዋጋቸውን በተለያየ መንገድ ስለሚያቀርቡ ሁለት የዋጋ ዝርዝሮችን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ብቻ አያስተማምንም። አንዱ የማሸጊያውን ካርቶን ጨምሮ ሲያስከፍል ሌላው ለብቻው ያስከፍላል። አንዱ የተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ ሲናገር ሌላው ሳይጨምር ይናገራል፤ 150 ብር የተባለው የማድረሻ ዋጋ 15 በመቶ ሲታከልበት 172 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ፣ ማለትም በእጅ ለደረሰ አንድ ትዕዛዝ የወጣ ጠቅላላ ወጪ ወደሚለው መቀየር ያስፈልጋል።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል በግምት የተቀመጡ ቁጥሮችን እንውሰድ። አንድ ሻጭ ራሱ ሲያስተናግድ ለክፍል ኪራይ ድርሻና ለአንድ ረዳት በወር 12,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ደግሞ ለማሸጊያ 20 ብር እና ለማድረሻ 150 ብር ያወጣል። የማከማቻ ድርጅቱ በበኩሉ በወር 4,000 ብር የቦታ ኪራይ፣ ለመልቀምና ለማሸግ 60 ብር፣ ለማድረሻ 150 ብር ይጠይቃል። በወር 100 ትዕዛዝ ሲኖር ሻጩ ራሱ ቢሠራ 29,000 ብር፣ በድርጅቱ ቢያሠራ 25,000 ብር ይወጣል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 200 ትዕዛዝ ላይ ነው፤ ሁለቱም 46,000 ብር። ከዚያ በላይ ሻጩ ራሱ መሥራቱ ርካሽ ይሆናል።

ብዙ ነጋዴዎች የሚያስቡት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሥራው ሲበዛ ለድርጅት መስጠት እንደሚያዋጣ ይገምታሉ። ስሌቱ ግን የቋሚ ወጪና የተለዋዋጭ ወጪ ድርሻን ተከትሎ የሚለዋወጥ ነው። በዚሁ ምሳሌ 400 ትዕዛዝ ላይ ሻጩ ሁለተኛ ረዳትና ሰፊ ክፍል አስፈልጎት ቋሚ ወጪው 20,000 ብር ቢደርስ የራሱ ወጪ 88,000 ብር ይሆናል፤ የድርጅቱም ያው 88,000 ብር ነው። እንግዲህ ውሳኔው አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚተው ሳይሆን ሽያጩ በጨመረ ቁጥር ዳግም የሚሰላ ነው። ራሱ የሚሠራ ሻጭ የገዛ ጉልበቱንና የቤተሰቡን ጊዜ በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል። ያላስገባ እንደሆነ የራሱ አማራጭ ምንጊዜም ርካሽ መስሎ ይታየዋል።

በዚህ ላይ ገዢው ሳይቀበላቸው የሚመለሱ ትዕዛዞች አሉ። ከ300 ትዕዛዝ 30ው ቢመለስና ለእያንዳንዱ የመሄጃ 150 ብር፣ የመመለሻ 100 ብር ቢከፈል 7,500 ብር ያለ ሽያጭ ይወጣል። ይህ ወጪ በተሸጡት 270 ዕቃዎች ላይ ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ላይ 28 ብር ገደማ ይጨምራል። ከመላኩ በፊት ለገዢው ደውሎ ማረጋገጥ ከዚህ ወጪ ብዙውን ያስቀራል፤ ጥሪውን ሻጩ ወይስ ድርጅቱ እንደሚያደርገው በውሉ መታወቅ አለበት።

ሲደርስ የሚሰበሰብ ገንዘብ

የአገር ውስጥ ገዢ ዕቃውን ሳያይ መክፈል አይወድም። በዚህ ምክንያት ብዙው ሽያጭ ዕቃው ሲደርስ በሚከፈል ገንዘብ የሚፈጸም ሲሆን ገንዘቡ በቅድሚያ የሚገባው በአድራሹ እጅ ነው። አነስተኛ ነጋዴዎች ከፍተኛ ጉዳት ሊደርስባቸው የሚችለው በዚህ ቦታ ነው፤ ስለሆነም ከማድረሻ ዋጋው ይልቅ ይህን ጉዳይ አጥብቆ መመርመር ይገባል።

በወር 300 ትዕዛዝ ያለው፣ የአንዱም አማካይ ዋጋ 1,200 ብር የሆነ ሻጭ አድራሹ በየ15 ቀኑ ሂሳብ የሚያወራርድ ከሆነ በማወራረጃው ዕለት ዋዜማ እስከ 180,000 ብር የሚደርስ ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ ነው። ይህ ገንዘብ የሻጩ የሥራ ማስኬጃ ነው፤ የሚቀጥለውን ዕቃ ከመርካቶ የሚያነሣው በዚሁ ነው። ድርጅቱ ቢከስር፣ ቢዘጋ ወይም በራሱ ዕዳ ሂሳቡ ቢታገድ ሻጩ እንደ ማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ ተራ ለመያዝ ይገደዳል። በየዕለቱ ወይም በየሦስት ቀኑ የሚያወራርድ ድርጅት ለአንድ ጉዞ 10 እና 20 ብር አስበልጦ ቢጠይቅ እንኳ ልዩነቱ የመድን ዋጋ ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

ሌላው መንገድ ገንዘቡ በአድራሹ እጅ ጨርሶ እንዳይገባ ማድረግ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል ክፍያዎች ገዢው ዕቃውን ተረክቦ አይቶ በቀጥታ ለሻጩ የነጋዴ ሂሳብ እንዲከፍል ያስችላሉ። አድራሹ ዕቃውን የሚለቀው ሻጩ ገንዘቡ መግባቱን ካረጋገጠለት በኋላ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ነገር ማረጋገጫው ነው። ገዢው በስልኩ የሚያሳየው የክፍያ መልእክት ወይም የስክሪን ፎቶ ማስረጃ ሊሆን አይገባም፤ የተቀነባበረ ምስል ማዘጋጀት ቀላል ነው። ክፍያ መግባቱ መታየት ያለበት በሻጩ ሂሳብ ላይ ነው። ኔትወርክ በዘገየበት ሰዓት አድራሹ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅም አስቀድሞ መስማማት አለመግባባትን ያስቀራል።

የሽያጭ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታም የሻጩ ነው። አድራሹ የሚቆርጠው ደረሰኝ የአገልግሎቱን ዋጋ የሚመለከት እንጂ የዕቃውን ሽያጭ የሚተካ አይደለም። አድራሹ የሰበሰበውን ገንዘብ ክፍያውን ቀንሶ የሚያስገባ ከሆነ ሻጩ በመዝገቡ ላይ ሙሉውን ሽያጭ በገቢ፣ የተቀነሰውን በደረሰኝ አስደግፎ በወጪ መመዝገብ ይገባዋል። የተጣራውን ብቻ የመዘገበ ሻጭ በኦዲት ጊዜ የሚያስረዳው ሰነድ አይኖረውም።

ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ትዕዛዞች

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ለሌሎች ገዢዎች የባህል ልብስ፣ የዕደ ጥበብ ውጤትና የባልትና ምርት የሚሸጡ ነጋዴዎች ያሏቸው አማራጮች የተለዩ ናቸው።

ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል በመሆኗ በፖስታ የተላከ ጥቅል በመድረሻው አገር ፖስታ ቤት አማካይነት እስከ ገዢው ይደርሳል። እስከ 2 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ዕቃ አነስተኛ ጥቅል፣ ፍጥነት ለሚፈልግ ደግሞ ኢኤምኤስ የተባለው ፈጣን መልእክት አለ። ከጥቅሉ ጋር የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ ይሞላል፤ ዋጋው ዝቅተኛ ለሆነው ሲኤን22፣ ከፍ ላለው ሲኤን23 የተባለው ቅጽ ነው። ይዘቱን «ስጦታ» ብሎ መሙላት የተለመደ ስህተት ነው። የተሸጠ ዕቃ ስጦታ አይደለም፤ ጥቅሉ ተከፍቶ የሽያጭ ወረቀት ከተገኘ ሊያዝ ይችላል፤ ዋጋውን አሳንሶ የጻፈ ሻጭም ዕቃው ሲጠፋ ካሳ የሚጠይቀው በጻፈው ዋጋ ልክ ነው። በሪኮማንዴ ወይም በጥቅልነት የተላከ ዕቃ ካልደረሰ ጥያቄ የሚቀርበው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ስለሆነ የመላኪያ ደረሰኙን እስከዚያው ጠብቆ ማቆየት ያስፈልጋል።

የግል ፈጣን መልእክት ድርጅቶች ከፖስታ ይፈጥናሉ፤ ክትትላቸውም ዝርዝር ነው። ዋጋቸውን ሲያሰሉ ግን ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ስፋት ያያሉ። የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ የሚከፈለው በዚያ ነው። በአየር ጭነት በአብዛኛው የሚሠራበት አካፋይ 6,000 ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን መሶብ 45 በ45 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ቢታሸግ በመጀመሪያው ስሌት 20.25 ኪሎ፣ በሁለተኛው 16.9 ኪሎ ገደማ ሆኖ ይከፈልበታል። መሶብ በኦንላይን የሚሸጥ ሰው ኪሳራው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጋቢ ግን አየሩ ወጥቶ ተጨምቆ ስለሚታሸግ 40 በ35 በ20 ከሆነ ካርቶን ወደ 35 በ25 በ10 ሊወርድ፣ የሚከፈልበትም ክብደት ከ5.6 ወደ 1.75 ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። የካርቶን ምርጫ ከድርጅት ምርጫ የበለጠ ገንዘብ የሚያድንበት ጊዜ አለ።

በብዛት የሚሸጥ ሻጭ ዕቃውን በጅምላ ወደ ገዢዎቹ አገር ልኮ እዚያው ከሚገኝ መጋዘን ሊያድል ይችላል። ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው አማዞን በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጀመረው ኤፍቢኤ የተባለው አገልግሎት ነው። ድርጅቱ የሻጩን ዕቃ አከማችቶ ያሽጋል፣ ይልካል፣ የገዢዎችን ጥያቄና ተመላሽ ያስተናግዳል። ክፍያው በዕቃው መጠንና ክብደት የሚሰላ የማስተናገጃ ዋጋና በሚይዘው ቦታ የሚሰላ ወርኃዊ የማከማቻ ዋጋ ሲሆን የማከማቻው ዋጋ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ከፍ ይላል፤ ለረጅም ወራት ሳይሸጥ በቆየ ዕቃ ላይም ተጨማሪ ይታሰባል። አዲስ ምርት ይዞ የሚጀምር ሻጭ ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ከላከ በማከማቻ ክፍያ ትርፉን ሊያጣ ይችላል። ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ግን አማዞን ለሻጩ ዕቃ አስመጪ ሆኖ በጉምሩክ ሰነድ ላይ አይመዘገብም። ሻጩ በመድረሻው አገር ሕጋዊ አስመጪ ሆኖ የሚቀርብ ወገንና የጉምሩክ አስተላላፊ ከሌለው ጭነቱ ወደብ ላይ ይቆማል። ሻጩ የሚኖርበት አገር በመድረኩ የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩንና ክፍያ በምን ባንክ እንደሚቀበል ማጣራት ዕቃ ከመግዛት መቅደም ያለበት ሥራ ነው። በንግድ መጠን የሚላክ ዕቃ ባንክ የሚሰጠውን የወጪ ንግድ ፈቃድና የብሔራዊ ባንክን የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ተከትሎ ይፈጸማል።

የመድረሻ አገሮች ደንብ በቅርብ ዓመታት ተለዋውጧል። በአሜሪካ ዋጋቸው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ዕቃዎች ያለ ቀረጥ የሚገቡበት አሠራር ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋርጧል። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው ምንም ያህል ቢያንስ ከውጭ በተገዛ ዕቃ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል። ገዢው ይህን ሳይነገረው ዕቃው ደርሶ ክፍያ ሲጠየቅ አልቀበልም ማለቱ አይቀርም፤ የመመለሻውም ወጪ በሻጩ ላይ ይወድቃል። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በሽያጭ ገጹ ላይ መጻፍ አለበት።

በርበሬ፣ ሽሮና ሌሎች የባልትና ውጤቶች ለብቻቸው ይታያሉ። በአሜሪካ ሕግ ለሽያጭ የሚላክ ምግብ የተዘጋጀበትና የታሸገበት ተቋም በአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መመዝገብ፣ ጭነቱ ከመድረሱ በፊትም ቅድመ ማስታወቂያ መላክ አለበት። አንድ ሰው በቤቱ አዘጋጅቶ ለዘመዱ በስጦታ የሚልከው ምግብ ከቅድመ ማስታወቂያው ነጻ ቢሆንም ይህ ነጻነት ለሽያጭ አይሠራም።

ውሉ ምን ሊይዝ ይገባል

አገልግሎት ሰጪው የጸና የንግድ ፈቃድ ያለው መሆኑ በኦንላይን የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሥርዓት ላይ ሊረጋገጥ ይችላል፤ ፈቃዱ የተሰጠበት የሥራ ዘርፍም መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ ውሉ በጽሑፍ ይደረግ። በመጋዘን የተቀመጠ ዕቃ በፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራና ስለ መጋዘን በተደነገገው የሚዳኝ ቢሆንም ርክክቡ በቁጥር ተፈርሞ ካልተያዘ ስንት ዕቃ እንደተሰጠ ማስረዳት ያስቸግራል።

የካሳው መጠን በተለይ በጥንቃቄ ይነበብ። ብዙ ውሎች ለጠፋ ዕቃ የሚከፈለውን ካሳ በማድረሻው ዋጋ እጥፍ ወይም በተወሰነ ብር ይገድባሉ። የ8,000 ብር ስልክ ጠፍቶ ካሳው 1,000 ብር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ውድ ዕቃ የሚሸጥ ሻጭ ገደቡ እንዲነሣ ወይም የመድን ሽፋን እንዲታከል ይደራደር። ሰብሳቢው ገንዘቡን የሚያስረክብበት ቀን፣ የዘገየ ክፍያ የሚያስከትለው ቅጣት፣ የቆጠራ መብትና የተመላሽ ዕቃ የመመርመሪያ ጊዜ በየአንቀጹ ይስፈር። ከአንድ ድርጅት ጋር ሙሉ በሙሉ ከመዋዋል በፊት ለአንድ ወር ያህል ጥቂት ዕቃ ሰጥቶ መሞከር ከማንኛውም የዋጋ ዝርዝር የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

ውሉ ሲቋረጥ የሚሆነውም ይጻፍ። በመጋዘን የቀረ ዕቃ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ የማውጫ ክፍያ መኖሩና ድርጅቱ ላልተከፈለው ሂሳብ ዕቃውን መያዝ የሚችል መሆን አለመሆኑ ካልተለየ ሻጩ ወደ ሌላ ድርጅት ለመዛወር በፈለገ ጊዜ የገዛ ክምችቱን ለማውጣት ይቸገራል። በአፈጻጸም ላይ አለመግባባት ሲፈጠር ውሉ፣ የርክክብ ሰነዶቹ፣ የሂሳብ ማወራረጃዎቹና የተለዋወጧቸው መልእክቶች ተሟልተው አቤቱታው የሽምግልና ስምምነት ካለ ለገላጋይ ዳኛ፣ ከሌለ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ያለ ንግድ ፈቃድ የሚሠራ አገልግሎት ሰጪን የሚመለከት ጥቆማ ግን ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል።